ወይዘሮ ትርፊት የፈሯት ቃል

የሆሳዕና መናኸሪያ ሚኒባስ ምንጊዜም «አንድ ሰው» ይጎድለዋል። በዚያ ቅዳሜ ጠዋትም የጊምቢቹው ረዳት በሩን በመዳፉ እየደበደበ «ጊምቢቹ የቀረው አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» ይጮኻል እንጂ፣ ውስጥ የተቀመጡት ከሹፌሩ ኋላ የሚያንቀላፉ አንድ ሽማግሌና በመስኮቱ ጥግ የተሸጎጡ አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ።

ሴትየዋ በርበሬ ነጋዴዋ ወይዘሮ ትርፊት ናቸው። ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደውታል። በአንድ እጃቸው ቦርሳቸውን፣ በሌላው አንገታቸው ላይ በክር የተንጠለጠለች ትንሽ ቁልፍ ይዘዋል።

ወይዘሮ ትርፊትን የሰፈራቸው ሰው የሚያውቃቸው በጭንቀታቸው ነው። ልጅ ሲሮጥ ካዩ «ትወድቃለህ!»፣ ሲቀመጥ ካዩ «ብርድ ይመታሃል!»፣ ዝም ብሎ ካዩት ደግሞ «ምን ሆነሃል?» ይላሉ። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋል፤ ጋዜጣ ያነባሉ፤ የእንግሊዝኛ ፊደልም ቆጥረው ይለያሉ። ያቺን ቃል የሰሙ ዕለት ግን ትምህርታቸው አልረዳቸውም።

«እትዬ ትርፊት! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ቀና ሲሉ አንዲት ሻሽ ያሰረች ወጣት የሕፃን ብርድ ልብስ በፌስታል ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። የጎረቤታቸው የጨርቅ ነጋዴው የፈትሁዲን ልጅ ኢክራም ናት። ነርስ ሆና ቦኖሻ ትሠራለች፤ ያን ዕለት ደግሞ የወለደች ጓደኛዋን ልትጠይቅ ጊምቢቹ መሄዷ ነው።

«ኢክራም! የኔ እናት!» ወይዘሮ ትርፊት አጠገባቸው አስቀምጠው ጉንጯን ደጋግመው ሳሙና ወዲያው ተቆጡ። «ምነው እንዲህ ከሳሽ? ቦኖሻ እህል የለም?»

«እህሉስ ሞልቷል፤ ሰውነቴ ነው እንዲህ። አቢጊ ደህና ናት? አደገች?»

አቢጋኤል የወይዘሮ ትርፊት የልጅ ልጅ ናት። እናቷ ማራኪ ጊምቢቹ ስለምታስተምር፣ ልጅቷ ከአያቷ ጋር ሆሳዕና ትማራለች። ስሟ ሲነሳ ወይዘሮ ትርፊት የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ኢክራም አየች።

«እትዬ? ምን ሆኑ?»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል» አሉና ዞር ብለው ሽማግሌውን ገረመሟቸው። ከዚያ በሹክሹክታ «አቢጊን... ክሮኒክ ናት አሉኝ» አሉ።

«ምንድን ነው ያመማት?»

«ነገርኩሽ እኮ!»

«ክሮኒክ የበሽታ ስም አይደለም እትዬ። የበሽታው ስም ምን ተባለ?»

«አስም ነው የተባለው። እሱን እንኳ ስሰማ ደነገጥኩ እንጂ አልሞትኩም ነበር። ሳሉና ሲር ሲር የሚለው ደረቷ አላስተኛን ሲል ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ፊቱም ደህና ነው። ደረቷን አዳመጠ፣ አስነፋት፣ አስሳባት። ከዚያ ‹አስም ነው እናቴ፤ ክሮኒክ ስለሆነ ከክሮኒክ ክፍል ካርድ አውጡና ክትትል ትጀምር› አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«እሺ ነዋ! ምን እላለሁ?»

«ክሮኒክ ማለት ምን ማለት ነው ብለው አልጠየቁትም?»

«ሐኪም ይጠየቃል እንዴ? ከኋላዬ ስንት ሰው ተሰልፎ! ደግሞስ ብጠይቀው እውነቱን ሊነግረኝ ነው? በእንግሊዝኛ የተናገረው ለምን ይመስልሻል? በአማርኛ አልወጣው ቢለው ነዋ! አንጀቱ አልችል ብሎት ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ በወይዘሮ ትርፊት ለመሳቅ አትቸኩል። በአገራችን ክፉ ወሬ ራቁቱን አይሄድም። ሰው ሲሞትበት ለሩቅ ዘመድ «ትንሽ አሞታል፤ ና» ተብሎ ይላክበታል። «ትንሽ አሞታል» የተባለው ሰው መንገድ ላይ «ጠንቶበታል» ይሆናል፤ የቀረውን ደጃፍ ላይ የተተከለው ድንኳን ይናገራል። ወይዘሮ ትርፊት የገዛ ባላቸውን ሞት የሰሙት «መኪናው ተበላሽቶበት ነው የዘገየው» ከተባሉ በኋላ ነበር። አድራጊዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ማዘናቸው ነበር። እንዲህ ባለው ልማድ ያደገ ሰው ግን፣ ለስለስ ያለ ቃል በሰማ ቁጥር ከሥሩ ሬሳ ይፈልጋል።

«አሁንስ ወዴት እየሄዱ ነው?» አለች ኢክራም።

«ወደ ማራኪ ነዋ። ‹እኔን ትንሽ አሞኛል፤ ነይ ወደ ቤት› ብዬ ላመጣት ነው። ስትደርስ እህቴ ወለተሥላሴና የሰፈር ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ሲነጋጋ ቀስ ብለን እንነግራታለን።»

ኢክራም ፌስታሏን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «እትዬ ትርፊት፣ አቢጊ እኮ በሕይወት አለች።»

«አለች፤ አለች... ለጊዜው አለች።»

«ቃሉን በትክክል አልተረጎሙትም። ለመሆኑ ይሄን ትርጉም ማን ሰጠዎት?»

«ብዙነህ ነዋ፣ ልብስ ሰፊው። የሚስቱ ወንድም ኩላሊቱ ክሮኒክ ተብሎ በዓመቱ አረፈ። ‹ክሮኒክ ማለት እዚያ የደረሰ፣ የማይመለስ ማለት ነው› አለኝ። የባጃጅ ልጆችስ ቢሆኑ? መንገዱ ሲብስባቸው ‹ይሄ መንገድ ክሮኒክ ነው› አይሉም?»

«ቆይ፣ የትኛውን መንገድ ነው የሚሉት?»

«ያንን የኛን ሰፈር ዳገት ነዋ።»

«እሱ ከተበላሸ ስንት ዘመን ሆነው?»

«ኸረ እኔ እዚያ ሰፈር ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያው ነው።»

ኢክራም ሳቀች። «በሉ እንግዲያ የባጃጅ ልጆች ሳያውቁት ልክ ናቸው፤ ስህተቱ የአቶ ብዙነህ ነው። ይስሙኝ። ይህ ቃል ስለ በሽታው ክብደት አይደለም የሚናገረው፤ ስለ ዕድሜው ነው። ድንገት መጥቶ ቶሎ የሚሄደውን ሕመም በሌላ ስም ይጠሩታል። ሰንብቶ፣ ከሰውየው ጋር ረጅም ጊዜ የሚኖረውን ደግሞ ክሮኒክ ይሉታል። ከባድም ሊሆን ይችላል፣ ቀላልም ሊሆን ይችላል።»

«የማይድን ማለትሽ ነው።»

«አብሮ የሚኖር ማለቴ ነው። ባለፈው ክረምት ሱቅዎ ጎርፍ ገብቶ አልነበር?»

«አታስታውሺኝ! ስንት ጆንያ ዛላ በርበሬ አበሰበሰብኝ!»

«ጎርፉ በአንድ ቀን መጣ፣ በአንድ ቀን ሄደ። ከባድ ነበር፤ ክሮኒክ ግን አይደለም። የጓዳዎ ግድግዳ እርጥበትስ?»

«እሱማ ከሱቁ ጋር ነው የተወለደው። በየዓመቱ ኖራ አስቀባለሁ፣ ፀሐይ ሲሆን በሩን እከፍትለታለሁ...»

«ክሮኒክ ማለት እሱ ነው። ከተንከባከቡት ግድግዳው ይቆማል፤ እርስዎም ይነግዳሉ። ችላ ካሉት ግን ቀስ እያለ ይበላዋል። የአቶ ብዙነህ አማች የሞተው በኩላሊቱ ነው እንጂ በቃሉ አይደለም። ሰው ሲሞት አብሮ የተሰማውን ቃል ለሞት ስም አድርገን ሰጠነው።»

ወይዘሮ ትርፊት የኢክራምን ፊት አገላብጠው አዩት። ነገሩ ቀና ነበር፤ ግድግዳውም ግድግዳቸው ነበር። ነገር ግን ልባቸው ወለል ብሎ ሊከፈት ሲል ተመልሶ ተዘጋ።

«አየሽ ኢክራም፣ አንቺም ትሸፍኛለሽ። ተምረሻልና አሳምረሽ ትሸፍኛለሽ። እኔን አሮጊቷን በግድግዳ ታባብዪኛለሽ። ልጄ፣ እኔ እንደዚህ ስባበል ባሌ ሬሳ ሆኖ ነው የጠበቀኝ።»

«አንድ ሰው! ጊምቢቹ አንድ ሰው!» አለ ረዳቱ ከውጭ።

ኢክራም በዚህ መልስ ተቸገረች። ማለሳለሷ ሁሉ የሴትዮዋን ፍርሃት የሚያጸድቅ ከሆነ በምን ቃል ትናገር? ከዚያ ድምጿን ዝቅ ሳታደርግ፣ ፊት ለፊት እያየቻቸው ተናገረች።

«እሺ። አልሸፍንም። አስም ይገድላል፣ እትዬ ትርፊት።»

ወይዘሮ ትርፊት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ሽማግሌውም ከእንቅልፋቸው ነቁ።

«መድኃኒቱን ያቋረጠ፣ ክትትሉን የተወ፣ ሲያፍነው ቶሎ የማይደረስለት ሰው በአስም ሊሞት ይችላል። ይሄን የምነግርዎ ላስደነግጥዎ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። የቀረውም እውነት ነውና ያንንም ይመኑኝ። መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድ ልጅ ይማራል፣ ይሮጣል፣ ይዳራል፣ ያረጃል። ሐኪሙ ‹ክትትል ትጀምር› ያለዎት ተስፋ ቆርጦ ነው? ተስፋ የቆረጠ ሰው ‹ተመልሳችሁ ኑ› ይላል?»

ወይዘሮ ትርፊት ነጠላቸውን ከቅንድባቸው ገፋ አደረጉ። ይህን አላሰቡትም ነበር። ባላቸው የሞተ ዕለት «ነገ ተመለሽ» ያላቸው ሰው አልነበረም።

«እስቲ ቦርሳዎ ውስጥ ምን አለ?» አለች ኢክራም ድንገት።

«ለምን ጠየቅሽኝ? የግፊት ኪኒኔ አለ፤ ምሳ በልቼ ልውጣት ብዬ...»

«ከጀመሩ ስንት ዘመንዎ ነው?»

«ማራኪ ኮሌጅ ስትገባ መሰለኝ። አዎ፣ ያኔ ነው።»

«ይድናል፣ ይቆማል ተብለው ያውቃሉ?»

«ኧረ ወዲያ! ‹እየዋጥሽ ኑሪ› ነው የተባልኩት። እየዋጥኩ እኖራለሁ።»

«እንግዲያ እርስዎም ክሮኒክ ነዎት።»

«አፍሽ ቁርጥ ይበል!» ወይዘሮ ትርፊት ሦስት ጊዜ አማተቡ። «በጠዋት ታሟርቺብኛለሽ? እኔ? ጆንያ በትከሻዬ የማነሳው?»

ከፊት ወንበር ሽማግሌው ዞር አሉ። «ጣልቃ በመግባቴ ይቅርታ፣ እመቤቴ። ልጅቷ እውነቷን ነው። እኔም የሪህ ክሮኒክ ነኝ፤ ይኸው እየተጣላን አርጅተናል።»

ወይዘሮ ትርፊት ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። ሳቃቸውን ግን ዋጡት። «የእኛስ እሺ፤ የአሮጌ ሰው ነገር ነው። ኖረነዋል። የልጅ ግን ሌላ ነው። በልጅነቱ ክሮኒክ ተብሎ ያደገ ሰው እስቲ አሳዪኝ!»

ኢክራም ቦርሳዋን ከፈተች። ከውስጡ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ዕቃ አወጣችና ፈታችው። የመርፌ ብልቃጥ ነበር።

«ኢንሱሊን ነው። ስኳር አለብኝ፣ እትዬ። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ጀምሮ።»

«አንቺ?»

«እኔ። አባቴ ‹ሴት ልጅ ናት፤ ከተሰማ ነገ ባል ታጣለች› ብሎ ቤታችን ውስጥ ቆለፈው። መርፌዬን የምወጋው በር ተዘግቶ ነበር። ከወላጆቼ ሌላ ወንድሜ ጁነዲን ብቻ ነው የሚያውቀው። ይኸው አደግሁ፣ ተማርኩ፣ ሰው አክማለሁ። አልሀምዱሊላህ።»

ወይዘሮ ትርፊት ብልቃጡን ሳይሆን የልጅቷን እጅ አዩ። ያን እጅ ያውቁታል። በየበዓሉ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ፣ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም፣ ከረሜላ ሲያድሉ ይህቺ ልጅ እጇን ዘርግታ ትቀበልና አመስግና ትሄድ ነበር። አንድ ቀን ግን ከአጥር ወዲያ ያን ከረሜላ ሳትልሰው ለጁነዲን ስትሰጥ አዩዋት። «ሥጋውስ ይሁን፤ የእኔን ከረሜላም ተጸየፈችው» ብለው አዘኑ። ሌሎቹ ልጆች በሁለት እጃቸው ሲዘግኑ፣ ለእርሷ አንዲት ብቻ ይሰጧት ጀመር። በፈትሁዲን ቤት ሠርግ ሲደገስ እንኳ እግራቸው ከብዶባቸው ነበር። ለማንም አልተናገሩትም፤ ጎረቤት ናቸውና ሰላምታቸውን ሳያጓድሉ ኖሩ።

«ከረሜላው...» አሉ። «ከረሜላውን የማትበይው ለዚያ ነው?»

«ለዚያ ነው። ወላሂ፣ ስንቴ አምሮኝ አልቅሻለሁ! ጁነዲን እየበላ ‹ጣፋጭ አይደለም፣ አይጥምም› ይለኝ ነበር።»

ወይዘሮ ትርፊት የኢክራምን እጅ ይዘው ሳሙት፤ እንባቸው ወረደበት። ስንት ዓመት በአንድ ግድግዳ ተዋስነው ሲኖሩ፣ አንዱ ቤት የልጁን ሕመም ቆልፎ፣ ሌላው ቤት ቅያሜውን ቆልፎ ነበር። መደበቅ ከበሽታው ይልቅ ስንት ነገር እንዳሳመመ ያን ጊዜ ታያቸው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል» አለች ኢክራም።

«ተረቱንማ እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ!» አሉ ወይዘሮ ትርፊት እያለቀሱም እየተቆጡም።

«እንግዲያ አቢጊ መድኃኒቷን በደንብ እየወሰደች ነው? የሚሳብ ነገር ሰጥተዋት ይሆናል።»

«ሁለት ሰጥተዋታል። አንደኛዋ ሰማያዊ ናት፤ ስታፍናት ነው የተባለው። ሌላዋን ግን ‹ሳያማትም በየቀኑ› አሉ። ሳያማት መድኃኒት ምን ይባላል? ሱስ ሆኖባት ይቀራል ብዬ ሁለቱንም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኳቸው። በጣም ሲጨንቃት ነው የማወጣላት።»

«ዛሬስ ማን ያወጣላታል?»

የወይዘሮ ትርፊት እጅ ወደ አንገታቸው ሄደ። ቁልፏን ጨበጡ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ኢክራም... ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ። ረዳቱ በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ «እናት፣ ወዴት ነው? ልንንቀሳቀስ አንድ ሰው ነበር የቀረን!» አላቸው።

«ዘወር በል፣ አንተ ክሮኒክ ውሸታም!» አሉት ወይዘሮ ትርፊት። በእንዲህ ያለ ጭንቅ ውስጥም ኢክራም ልብ አለች፤ ቃሉ የገባው በቦታው ነበር።

ባጃጁ ያን የታወቀውን ዳገት እየተንገጫገጨ ሲወጣ ወይዘሮ ትርፊት ያልተሳሉት ስለት አልነበረም። ኢክራም ክንዳቸውን ይዛ «እንደርሳለን» ትላለች እንጂ «ምንም አልሆነችም» አላለችም። ይህችን ልዩነት ወይዘሮ ትርፊት አስተዋሏት፤ አመኗትም።

አቢጋኤልን ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል፣ ከበርበሬ ጆንያዎች አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ አገኟት። መስኮቱ ብርድ እንዳይገባ ድርግም ተደርጎ ተዘግቷል። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ደረቷ ያፏጫል። የአቶ ብዙነህ ሚስት አጠገቧ ቆማ በነጠላ ታራግባለች። ወይዘሮ ትርፊት ቁልፏን ከአንገታቸው አውጥተው ሰጧትና ሣጥኑን የከፈተችው ኢክራም ናት።

«አቢጊ፣ የኔ ቆንጆ፣ ታውቂኛለሽ? ትንፋሽሽን አስወጪ... እንደዚያ። አሁን አፍሽ ውስጥ አድርጊና ስጫነው ቀስ ብለሽ ሳቢ። ያዥው... ያዥው... ጎበዝ።»

ኢክራም መስኮቱን በረገደችው። ጥቂት ቆይታ ደገመችላት። ፉጨቱ እየሳሳ፣ የልጅቷም ትከሻ እየወረደ መጣ። ወይዘሮ ትርፊት ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው፣ ከልጅቷ ጋር ትንፋሻቸውን ይስቡ፣ ከልጅቷ ጋር ያስወጡ ነበር።

አቢጋኤል መናገር ሲቻላት መጀመሪያ ያየችው አያቷን አይደለም፤ እንግዳዋን ነው።

«ኢክራም፣ አንቺ ትነግሪኛለሽ? መቼ ነው የምሞተው?»

የአቶ ብዙነህ ሚስት ማራገቧን ተወች።

«ማን ነው ትሞቻለሽ ያለሽ?» አለች ኢክራም።

«ማንም። ግን እማማ እኔ ስገባ ከጋሽ ብዙነህ ጋር ወሬ ታቆማለች። ሳትቆጣኝ የፈለግኩትን ትገዛልኛለች። ትምህርት ቤትም ቅሪ አለችኝ። ስለዚህ ቦርሳዬን ለጓደኛዬ ለሱምያ ሰጠኋት። የሷ ተቀዷል፤ እኔ ደግሞ አያስፈልገኝም።»

ወይዘሮ ትርፊት ልጅቷ እንዳትሰጋ ብለው ያልነገሯትን ነገር፣ ልጅቷ ከዝምታቸው አንብባ፣ ብቻዋን ተሸክማ፣ ንብረቷን አከፋፍላ ጨርሳ ነበር። አልጋው ላይ ተቀመጡና አቢጋኤልን ወደ ደረታቸው ሳቧት። ኢክራም ልትናገር አፏን ስትከፍት በእጃቸው ከለከሏት።

«ተዪኝ፤ እኔ ልንገራት።»

ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ስሚኝ አቢጊ። ያለብሽ አስም ነው። ሐኪሙ ክሮኒክ ነው አለ። እኔ ቃሉን ሳላውቀው ፈራሁት፤ ማወቅ ሲገባኝም መጠየቅ አፈርኩ። ክሮኒክ ማለት የሚገድል ማለት አይደለም። ረጅም ጊዜ አብሮን የሚኖር ማለት ነው። ካልተንከባከብነው ይጎዳሻል፤ ይሄንን አልደብቅሽም። ከተንከባከብነው ግን አንቺ ትኖሪያለሽ። እኔም ከግፊቴ ጋር እየኖርኩ ነው። ኢክራምም...» ብለው የሚያስፈቅዱ በሚመስል ዓይን አዩዋት።

«እኔም ከስኳሬ ጋር» አለች ኢክራም፤ የአቶ ብዙነህ ሚስት እየሰማች።

አቢጋኤል አያቷን አንጋጣ አየች። «ረጅም ጊዜ አብሮ የሚኖር ከሆነ፣ አንቺም ለኔ ክሮኒክ ነሽ ማለት ነዋ።»

«ነኝ! የትም አልሄድልሽም!» አሉ ወይዘሮ ትርፊት፤ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜም ከልባቸው ሳቁ።

ለማራኪ የደወሉት ወዲያው ነው። ሳይለሳለስ፣ ሳይጠቀለል። «ማራኪ፣ አቢጊ አስም አለባት። ዛሬ አፍኗት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል። መድኃኒት አላት፣ ክትትል እናስጀምራለን።» ግን ማራኪ የእናቷ ልጅ ናት፤ እሷም በዚያው ልማድ አድጋለች።

«እማዬ! እውነቱን ንገሪኝ! ልጄ ሞታለች?» ብላ በስልኩ ጮኸች።

ወይዘሮ ትርፊት ስልኩን ለአቢጋኤል ሰጡ። «ንገሪያት፤ እኔን ማን ያምነኛል? እሷም የኔው ግልባጭ ናት።»

«እማ፣ አልሞትኩም» አለች አቢጋኤል። «ደግሞ ስትመጪ ቦርሳ ግዢልኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ እንንገር። ሰኞ ዕለት አያትና የልጅ ልጅ፣ ማራኪም ተጨምራ፣ ክሮኒክ ክፍል ሄዱ። ወይዘሮ ትርፊት ክፍሉን የጣረ ሞተኞች መኖሪያ አድርገው ስለው ነበር። አግዳሚው ላይ ያገኙት ግን ከሥራ ሰዓቱ ሰርቆ የመጣ መምህር፣ ሹራብ የምትሠራ እናትና ስለ ጤፍ ዋጋ የሚከራከሩ ሁለት ሰዎችን ነው። ያንኑ ልጅ እግር ሐኪም ይህን ጊዜ ጠየቁት፤ ደጋግመው ጠየቁት። አልተቆጣም። ሱስ እንደማይሆንባት፣ የየዕለቱ መድኃኒት ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ከሳበችው በኋላ አፏን መጉመጥመጥ እንዳለባት አስረዳቸው። «የት ነው የምትተኛው?» ብሎ ሲጠይቃቸው ስለ በርበሬው ተናገሩ። ብናኙ ደረቷን እንዳያስቆጣ በማግስቱ ጆንያዎቹ ከክፍሏ ወጡ፤ መስኮቱም ተከፈተ። ሰማያዊዋ መድኃኒት ከአቢጋኤል ጋር ትምህርት ቤት ትውላለች፤ አስተማሪዋም አጠቃቀሟን ተምራለች። ሣጥኑ ዛሬ ቁልፍ የለውም።

ሱምያ ቦርሳውን ይዛ መጥታ ነበር። አቢጋኤል ግን «የተሰጠ ተሰጠ» አለቻት።

አቶ ብዙነህም የሚስቱን ወንድም እያነሳ ጥቂት ተከራከረ። በኋላ ግን የራሱን የጨጓራ ሕመም ሊያስመረምር ሄደና «ክሮኒክ» ተብሎ ተመለሰ። ወይዘሮ ትርፊት ደጁ ድረስ ሄደው «እንኳን ወደ ማኅበራችን በደህና መጣህ» አሉት። ያልገባንን ቃል መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ፣ ነውሩ ሳይገባን እሺ ብለን መውጣታችን እንደሆነ፣ ዛሬ በሰፈሩ ከእርሳቸው አብልጦ የሚሰብክ የለም። ክፉ ወሬ ቢመጣ እንኳ «ግልጹን ንገሩኝ፤ ለስላሳውን እኔ ራሴ እጨምርበታለሁ» ይላሉ።

በዓል ሲመጣ ኢክራም ከቦኖሻ መጥታ በደጃቸው ስታልፍ ወይዘሮ ትርፊት ከሱቁ ሆነው አዩአት። እንደ ድሮው ልጆቹ ከበዋቸው ከረሜላ ይቀበላሉ። ፈጠን ብለው ከሌላ ጣሳ የተቆላ ኦቾሎኒ በወረቀት ጠቀለሉ፤ በአንድ እጅ አይደለም፣ በሁለት እጃቸው ዘግነው።

«አቢጊ! ሩጪ፣ ድረሽባት! ስኳር የለበትም በያት!»

«ሩጪ» ማለታቸውን የሰሙት ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው። አቢጋኤል ዳገቱን ሽቅብ በረረች፤ ኢክራምን አቅፋ፣ ኦቾሎኒውን ሰጥታ፣ ቁልቁል እየተንደረደረች ተመለሰች። ወይዘሮ ትርፊት ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ከደረቷ ላይ አስጠጉና አዳመጡ። ፉጨት የለም። የሮጠች ልጅ ትንፋሽ ብቻ ነበር።